አንድ ዓመት ብቻ ከሆነ 69ን ውሰጂ

እህታችን የጠየቀችው ይህ ነው፦ «ተማሪዎቼ የጥንት ታሪክ የቀን ሽምደዳ ብቻ ሆኖባቸው ተሰላችተዋል። አንድ ዓመት መርጬ በደንብ ላስተምር ብል የቱ ይሻላል?»

እኔም የታሪክ መምህር ነኝ። የምመክርሽ እ.ኤ.አ. 69ን ነው። በእኛ አቆጣጠር 61 እና 62 ላይ ያርፋል። ይህን ቀድመሽ ሰሌዳ ላይ ጻፊው፤ አለዚያ ክፍለ ጊዜው በመደመርና በመቀነስ ክርክር ያልቃል።

በዚያ ዓመት ሮምን አራት ሰዎች ነገሡባት፦ ጋልባ፣ ኦቶ፣ ቪቴሊየስ፣ ቬስፓሲያን። ስማቸውን አሸምድዶ ማለፍ ቀላል ነው። ነገሩ የሚጥመው ግን «ማን መቼ ምን ሰማ?» ብለሽ ስትጠይቂ ነው።

እኔ ክፍሉን በቡድን እከፍላለሁ፦ የራይን ወንዝ ድንበር ጦር፣ የሮም የክብር ዘበኛ፣ የዳኑብ ወንዝ ድንበር ጦር፣ የምሥራቅ ጦር። ወሬውን ለሁሉም እኩል አልነግራቸውም። ያኔ ስልክ የለማ! በጃንዋሪ መጀመሪያ የራይን ጦር ጋልባን ከድቶ አዛዡን ቪቴሊየስን አነገሠ። ሮም ውስጥ ደግሞ ጋልባ ፒሶ የሚባል ወጣት ወራሽ አደረገ። ወራሽነቱን ሲጠብቅ የነበረው ኦቶ ተናደደ። የክብር ዘበኞቹም ቃል የተገባላቸውን ገንዘብ አላገኙም ነበር። ጃንዋሪ 15 ጋልባና ፒሶ ተገደሉ፣ ኦቶ ነገሠ። እንግዲህ የራይን ጦር ሊያወርደው የተነሳው ሰው ሞቷል። ይመለስ? የራይን ቡድኔን እዚህ ላይ አቆምና ይከራከሩ እላለሁ። እውነተኛው ጦር አልተመለሰም።

ኤፕሪል 14 ክሬሞና አጠገብ፣ ቤድሪያኩም በሚባል ቦታ ኦቶ በቪቴሊየስ ጦር ተሸነፈ። ከዳኑብ የሚረዳው ጦር እየመጣ ነበር፤ እሱ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ራሱን ገደለ፤ ዙፋኑም ለቪቴሊየስ ሆነ። ክፍሉ ሁልጊዜ ሁለት ላይ ይከፈላል፦ «ደም እንዳይፈስ ብሎ ነው» እና «ቸኩሏል»። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ነኝ።

ጁላይ 1 እስክንድርያ ያለው ጦር ለቬስፓሲያን ማለ። እሱ የጦር አዛዥ ሆኖ የአይሁድን አመፅ ለማፈን በይሁዳ ምድር ነበር። ለምን ግብፅ? በሉ እንጀራውን አስቡ በያቸው። የሮም ሕዝብ የሚበላው እህል በብዛት የሚጫነው ከዚያ ነው። ቬስፓሲያን ያሰበው እህሉን ይዞ መጠበቅ ነበር። የዳኑብ ጦር ግን መጠበቅ አልቻለም። አንቶኒየስ ፕሪመስ እየመራው ጣሊያን ገባ፤ በኦክቶበር መጨረሻ እዚያው ቤድሪያኩም አጠገብ ከቪቴሊየስ ጦር ጋር ሌሊቱን ሙሉ ተዋጉ። የሮም ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ የጻፈውን ይህን ክፍል አትዝለዪው። ጎህ ሲቀድ፣ ሶርያ ቆይተው የመጡ የፕሪመስ ወታደሮች በዚያ አገር ልማድ ለፀሐይዋ ሰላምታ ጮኹ። ተጨማሪ ጦር ከምሥራቅ ደረሰ ተብሎ ተወራ። የፕሪመስ ሰዎች ልብ አገኙ፤ የቪቴሊየስ ጦር ተሰበረ። ክሬሞናም ተዘርፋ ተቃጠለች።

ዲሴምበር 20 ቪቴሊየስ ሮም ውስጥ ተገደለ። በማግስቱ ሴኔቱ ቬስፓሲያንን ሲያጸድቅ ሰውየው ገና ግብፅ ነበር።

ሁለት ነገር ልጨምርልሽ። ከጋልባ በፊት የነገሠውን የኔሮንን ሞት፣ ጁን 68ን፣ በአምስት ደቂቃ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ያለሱ የጋልባ አመጣጥ አይገባቸውም። የኢየሩሳሌም መውደቅ ደግሞ በ70 ስለሆነ እዚህ አትቀላቅዪው፤ ጊዜ ከተረፈሽ ለብቻው አንድ ክፍለ ጊዜ ስጪው።