ጥያቄና መልስ፦ ያለ ፊርማ የዘለቀ ባንድ፣ አንቺ ሆዬ በኪቦርድ፣ የሚያጉረመርም ስፒከር

በዚህ ዙር የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው። የታሪክም የሽቦም ጥያቄ ስላለባቸው ሳንለይ ደባልቀናቸዋል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከደብረ ማርቆስ፦ «ሦስት ጓደኛሞች ሆነን በኪቦርድና በላፕቶፕ እንሠራለን። ዴፔሽ ሞድ ከአሳታሚያቸው ጋር ውል ሳይፈርሙ ነው የሠሩት ይባላል፤ እውነት ነው? እኛስ ያለ ውል ብንቀጥል ምን አለበት?»

እውነት ነው። ባንዱ በ1980 እንግሊዝ አገር ባዝልደን በምትባል ከተማ ተቋቋመ። አባላቱ ቪንስ ክላርክ፣ ማርቲን ጎር፣ አንዲ ፍሌቸርና ዴቭ ጋን ነበሩ። አሳታሚው ዳንኤል ሚለር በ1978 የራሱን ነጠላ ሸክላ ለማውጣት ብሎ ሚዩት ሪከርድስን የከፈተ ሰው ነው። ስምምነታቸው በቃል ነበር፦ ወጪው ይነሳና ትርፉ እኩል ለእኩል ይካፈላል። በዚህ መንገድ ለዓመታት ሠርተዋል።

ይህ ግን በባንዱና በአሳታሚው መካከል ያለው ነው። እናንተን ሊያሳስባችሁ የሚገባው የባንዱ የውስጥ ጉዳይ ነው። በ1981 መጨረሻ ክላርክ ባንዱን ለቀቀ፤ የመጀመሪያው አልበም ከያዛቸው 11 ሥራዎች ውስጥ 9ኙ የእሱ ድርሰቶች ነበሩ። ጎር ድርሰቱን ተረክቦ ባይቀጥል ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ከእናንተ መካከል ዜማውን የሚደርሰው አንዱ ብቻ ከሆነ እሱ የሄደ ዕለት ምን ይቀራችኋል?

ስለዚህ ሁለት ምስክር ባለበት አንድ ገጽ ጻፉ። የእያንዳንዱ ዘፈን ዜማና ግጥም የማን እንደሆነ በመቶኛ ይስፈር። ኪቦርዱ፣ ድምፅ ካርዱና ስፒከሩ በማን ገንዘብ እንደተገዛ ይታወቅ። የጥርና የሚያዝያ ሰርግ ገቢ ሲከፋፈል በቅድሚያ የሚነሳው ወጪ የቱ እንደሆነ፣ ትራንስፖርት ነው ወይስ የስፒከር ኪራይም ይጨምራል፣ በግልጽ ይጻፍ። አንዱ ሲለቅ ያልተጨረሰው ቅጂ ለማን እንደሚቀርም እንዳይረሳ። ጠብ የሚነሳው በአብዛኛው በዚህ በመጨረሻው ነው፤ ፋይሉ ያለው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብቻ ይሆናልና። የፋይሉን ቅጂ በሁለት ሃርድ ዲስክ ያዙ፣ ሁለቱም አንድ ቤት እንዳይቀመጡ።

ከባሕር ዳር፦ «የጀርመኑን የኤሌክትሮኒክ ባንድ ክራፍትወርክን ኩባንያ ስላሳተማቸው ራሱን የቻለ ባንድ ሊባሉ አይችሉም ብሎ ጓደኛዬ ይሟገተኛል።»

ጓደኛዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር በ1970 ዱሰልዶርፍ ላይ የመሠረቱት ባንድ ሸክላዎቹን ያወጣው በትልልቅ ኩባንያዎች ነው። የ1974ቱ «አውቶባን»ም እንዲሁ። ክሊንግ ክላንግ የተባለው ስቱዲዮ ግን የራሳቸው ነበር። ስቱዲዮ በሰዓት የሚከራይ ባንድ እንደ «አውቶባን» ከ22 ደቂቃ በላይ የሚረዝም ዘፈን ለመሥራት በቀላሉ አይደፍርም፤ እነሱ ደፈሩ። በእኛ ሚዛን ራስን መቻል ከማሳተሚያው ይልቅ በመቅጃው ይለካል። ጓደኛዎ ይህን አይቀበሉ ይሆናል፤ ይሟገቱ።

ከፍኖተ ሰላም፦ «ከአገራችን ሙዚቀኞች ራሱን ችሎ በኪቦርድና በማሽን የሠራ ማን አለ?»

የኪቦርድ ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ያዳምጡ። ከዋልያስ ባንድ ጋር በ1981 አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 አኮርዲዮንን፣ ሮድስ ፒያኖን፣ ሙግ ሲንተሳይዘርንና ሪትም ማሽንን አቀናጅቶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ሲታተም ዓለም አዳመጠው።

ከዳንግላ፦ «ድረም ማሽኑን ከኪቦርዱ ጋር በሚዲ ገመድ አገናኝተን ጭቅጭቃ ስንመታ ይለያያሉ።»

ሚዲ መሣሪያዎች ኖታና የምት ሰዓት የሚላላኩበት መንገድ ነው። ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ፣ ሁለቱም መሣሪያዎች መሪ ሆነው ከተስተካከሉ እያንዳንዱ የራሱን ሰዓት ይከተላል። ድረም ማሽኑ መሪ ይሁን፤ የኪቦርዱን ክሎክ (ምቱን የሚቆጥርበትን ሰዓት) «ኤክስተርናል» ላይ አድርጉት። ገመዱ ከድረም ማሽኑ «አውት» ወደ ኪቦርዱ «ኢን» ይግባ፣ ከ15 ሜትርም አይርዘም። ሁለተኛው የቁጥር ነገር ነው። ሚዲ ለአንድ ሩብ ኖታ 24 ምት ይልካል። ጭቅጭቃ ግን በስድስት ስምንተኛ ስለሚሄድ እግር የሚመታው በየሦስት ስምንተኛው ነው፤ ይህ 36 የሚዲ ምት ይሆናል። በእግር ሲቆጠር 100 የሆነ ፍጥነት በሩብ ኖታ ለሚቆጥር ማሽን 150 ነው። በአንድ ዙር ያለውን የማሽኑን እርከን (ስቴፕ) ከ16 ወደ 12 አውርዱና ከበሮውን 1ኛውና 7ኛው ላይ ሞክሩ።

ከሞጣ፦ «አንቺ ሆዬን በኪቦርድ ስጫወተው ፈረንጅ ፈረንጅ ይላል። ከማሲንቆም ጋር አይገጥምም።»

ብዙ ሰው ጥፋቱን በኪቦርዱ ቅኝት ያላክካል። መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ግን በግራ እጅ የሚታዘዘው አውቶማቲክ አጃቢ፣ ማለትም ስታይሉ ነው። ከዶ የሚነሳው አንቺ ሆዬ ዶ፣ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ዝቅ ያለ ሶልና ላ ነው። በግራዎ የዶ ሜጀር ኮርድ ሲይዙ ስታይሉ ሚንና ሶልን ይጨምራል። ሁለቱም በቅኝቱ ውስጥ የሉም፤ ሶል እንዲያውም ከዝቅተኛው ሶል ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የስታይሉን ኮርድና ስትሪንግ ዝጉና ድረሙንና ቤዙን ብቻ ያስቀሩ፤ ቤዙም ዶና ፋ ላይ ይመላለስ። አብዛኛው የፈረንጅ ጠረን በዚህ ይጠፋል።

ከዚያ ወደ ማሲንቆው ይምጡ። ኪቦርዱ ለማሲንቆው ይገዛ እንጂ ማሲንቆውን ለኪቦርድ ብለው አያስጨንቁት። ተጫዋቹ አምስቱን ድምፆች አንድ በአንድ፣ እያንዳንዱን ለአራት ሰከንድ ያህል ይሳቡ፤ እርስዎ በስልክ ቱነር እያዩ ከኪቦርዱ በስንት ሴንት እንደሚለይ ይጻፉ። 100 ሴንት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ኪቦርዱ የእያንዳንዱን ኖታ ቅኝት ለብቻ የሚያስተካክል «ስኬል ቱን» ካለው ቁጥሮቹን በየኖታው ያስገቡ። ከሌለው ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የሚዲ ትእዛዝ፣ ፒች ቤንድን፣ ይጠቀሙ፦ መሐሉ 8,192 ነው፤ ክልሉ ሁለት ግማሽ ድምፅ ሆኖ ሳለ 25 ሴንት ለማውረድ 1,024 ቀንሰው 7,168 ይላኩ። ይህ በቻናሉ ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ ስለሚያወርድ ዜማውን ከቤዙ በተለየ ቻናል ያድርጉት። የማሲንቆው ቅኝት በሙቀትና በእርጥበት ስለሚለዋወጥ መድረክ ከመውጣትዎ በፊት ዶን እንደገና ያመሳክሩ።

ከቡሬ፦ «ላፕቶፑን ሚክሰር ላይ ስንሰካው ስፒከሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ያጉረመርማል።»

የላፕቶፑን ቻርጀር ይንቀሉ። ጉርምርምታው ከቆመ ምክንያቱ በሁለት የተለያዩ ሶኬቶች ምድር ሽቦ በኩል የሚዞረው የ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ነው። ሚክሰሩን፣ ኪቦርዱንና ላፕቶፑን በአንድ ዲቫይደር ከአንድ ሶኬት ያብሩ። ካልበቃ በላፕቶፑና በሚክሰሩ መካከል ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ገመዱን የምድር ግንኙነት የሚያቋርጥ ማብሪያ) ያለው ዲአይ ቦክስ የተባለውን ትንሽ ሣጥን ያስገቡ። የምድር ሽቦውን እግር መቁረጥ የሚመክርዎት ሰው ካለ አይስሙት፤ ማይኩን የያዘ ዘፋኝ ሊገድል ይችላል። ቻርጀሩን ነቅለውም ድምፁ ካልቆመና ጃኩን ሲነኩት ከጨመረ፣ የጃኩ ብየዳ ተላቆ ይሆናል። ጉርምርምታ ሳይሆን የሚሰነጥቅ «ዝዝዝ» ከሆነ ደግሞ የዳሱን መብራቶች ይጠርጥሩ፤ ከሙዚቃው መስመር ለይተው ከሌላ ሶኬት ያብሯቸው።