ጎተራዬ ታዛ ሥር ያለውን የተርብ ጎጆ ላቃጥለው?

ከምዕራብ ጎጃም አንድ በቆሎ አምራች እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «ጎተራዬ ታዛ ሥር ወገበ ቀጭን ተርቦች ጎጆ ሠርተዋል። እርስ በርሳቸው ሲናከሱ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት ልጄን ሁለት ቦታ ነደፉት። በቆሎዬንስ ይጎዱብኝ ይሆን? ጎጆውን ላቃጥለው?»

ልጅዎን ይማርልዎ። እሳቱን ግን ይተዉት፤ የሣር ክዳን ከሆነ ጎተራውም አብሮ ይሄዳል።

በቆሎዎን አይነኩትም። እንዲያውም ጠላቱን ነው የሚያድኑልዎት። ትልልቆቹ ተርቦች የአበባ ወለላ ይቀስማሉ፤ እጮቻቸው ግን ሥጋ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ትል ይይዙና አኝከው፣ አድበልብለው ወደ ጎጆ ይወስዱላቸዋል። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባውን የአሜሪካ ተምች ያውቁታል። ብራዚል ውስጥ ተመሳሳይ ተርቦች ይህንኑ ተምች በበቆሎ ላይ እንደሚቀንሱ በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ብቻቸውን ይጨርሱልዎታል አልልም። ተምቹ ቅጠሉ እምብርት ውስጥ ስለሚደበቅ ማሳዎን መፈተሽዎን አያቁሙ። መድኃኒት ሲረጩ ደግሞ እነሱም አብረው እንደሚያልቁ ያስቡ።

መናከሳቸውን ማስተዋልዎ ደስ አሰኝቶኛል። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ሊዮ ፓርዲ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያጠናው ይህንኑ ነበር። አንድ ጎጆ ላይ ብዙ ሴቶች አብረው ይኖራሉ፤ አንዷ ግን የበላይ ትሆናለች። ትነክሳለች፣ ታባርራለች፣ ላያቸው ላይ ትወጣለች። የተሸነፈችው አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። እንቁላል በብዛት የምትጥለው የበላይዋ ናት፤ የሌላዋን እንቁላል ስታገኝ ትበላዋለች። እንደ ማር ንብ ንግሥት በመልኳ በቀላሉ አትለይም። ብትሞት ሌላዋ ትተካለች፤ ስለዚህ አንዷን መግደል ጎጆውን አያፈርሰውም።

ሰው ላይ የሚቆጡት ሌላ ቁጣ ነው። አበባ ላይ ወይም ማሳ ውስጥ ያለች ተርብ ካልጨበጧት አትነድፍም። ጎጆዋ ሲነቀነቅ ግን አትታገስም፤ እጭ በበዛ ቁጥርም ቁጣው ይብሳል። መጀመሪያ ክንፋቸውን ከፍ አድርገው ወደ እርስዎ ይዞራሉ። ያን ጊዜ ሳይሮጡ፣ እጅዎን ሳያወናጭፉ ወደ ኋላ ይበሉ። የሚነድፉት ሴቶቹ ብቻ ናቸው፤ እንደ ማር ንብ መንደፊያቸው ተነቅሎ ስለማይቀር ደጋግመው ይወጋሉ። ልጆች ድንጋይ እንዳይወረውሩባቸው አጥብቀው ይንገሩልኝ።

ጎተራዎ ሰው በየቀኑ የሚገባበት ስለሆነ የእርስዎ ጎጆ ይነሳ። ሁሉም ሲሰበሰቡ፣ ደንገዝገዝ ካለ በኋላ ይሁን። ፊትዎንና እጅዎን በደንብ ይሸፍኑ። ጎጆው የተንጠለጠለው በአንዲት ቀጭን ዘንግ ነው፤ ከሥር ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት አልብሰው ዘንጓን ይቁረጡና አፉን አጥብቀው ይሰሩ። ከዚያ እንደታሰረ በባልዲ የሳሙና ውሃ ውስጥ ደፍቀው፣ አፉን ውሃው ውስጥ ከፈት ያድርጉት። መሰላል ላይ መውጣት ግድ ከሆነ ብቻዎን አይሞክሩት። ከዚህ በፊት ተነድፎ ያበጠ ወይም የታፈነ ሰው ካለ ደግሞ እሱ አይቅረብ።

ወደፊት ታዛውን በየሳምንቱ ይመልከቱ። አንድ ሁለት ተርብ የጀመረችውን ጎጆ በረጅም ዘንግ ማውረድ ቀላል ነው። ማሳ ዳር ወይም አጥር ላይ፣ ሰው የማይረግጠው ቦታ የሠሩትን ግን እባክዎ አይንኩት።

የተነደፈውን ቦታ በሳሙና ታጥበው ቀዝቃዛ ጨርቅ ያድርጉበት። ፊት ወይም ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ሰውየው ራሱን ከሳተ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።