ሲጋበዙ ዝም አይበሉ

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። የኮምቦልቻ ነጋዴ ነኝ፤ ልብስና ጫማ እሸጣለሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ዕቃ ልናይ ከጓደኛዬ ጋር ባንኮክ እንሄዳለን። እዚያ ዕቃ የሚያቀብለን ሰው እራት ሊጋብዘን አስቧል። የመረጠው ቤት የታይ ምግብ የሚሠራ፣ ውድና ኮከብ ያለው ነው አለኝ። እኔ ሙስሊም ነኝ። ጓደኛዬ ክርስቲያን ነው፤ የገና ጾም ላይ ስለሚሆን ዓሣም አይበላም። ሰውየውን ማስቀየም አልፈልግም፤ ገና ብዙ አብረን እንሠራለን። ምን እንብላ? በምንስ ነው የሚበላው? ሒሳቡን እኛ እንክፈል ብንልስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር! ዛሬውኑ ለጋባዥዎ መልእክት ይላኩለት። እንዲህ ብለው ይጻፉ፦ «እኔ አሳማና አልኮል ያለበት ነገር አልበላም፤ ሥጋ ከሆነ ሐላል ብቻ ነው። ጓደኛዬ ሥጋ፣ ዓሣ፣ ሽሪምፕ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አይበላም።» (ሽሪምፕ ባሕር ውስጥ የሚኖር ትንሽ እንስሳ ነው።) ጠረጴዛ የሚይዘው ጋባዥዎ ስለሆነ ለምግብ ቤቱ የሚነግረውም እሱ ነው። ይህ ማስቀየም አይደለም፤ እንዲያውም ጭንቀት ይቀንስለታል።

አጥብቄ የምናገረው ስላየሁት ነው። ደሴ ከመመለሴ በፊት ዱባይ ውስጥ በአንድ ውድ የታይ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ነበርኩ። የሀገሬ ሰዎች ሲመጡ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ብዙዎቹ ይሉኝታ ይዟቸው አይናገሩም። ጾመኛው ነጭ ሩዝ ብቻ ቀማምሶ ይወጣል። ጋባዡ ደግሞ ምግቡ አልጣማቸውም ብሎ ያዝናል። ልማዳችን ይመስለኛል። ወሎ ውስጥ ሰርግ የደገሰ ሰው የክርስቲያኑንና የሙስሊሙን ሥጋ ለየብቻ አሳርዶ ይጠብቀናል፤ እንግዳው አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ባንኮክ ላይ ግን ካልተናገሩ ማንም አያውቅልዎትም።

ደግሞ ቀድሞ መናገርና ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መናገር አንድ አይደለም። የታይ ወጥ የሚነሳው ከተወቀጠ ቅመም ነው። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጠጅ ሳር፣ ከዚያ «ካፒ» የሚሉት የሽሪምፕ ድልህ አብሮ ይወቀጣል። ይህ የሚዘጋጀው ቀደም ብሎ ነው፤ ማታ «ሽሪምፑን አውጡልኝ» ቢሉ አይወጣም። የእኛ ዋና ሼፍ ታይላንዳዊት ነበረች። ቀድሞ ከተነገራት ያለ ካፒ ለብቻው ትወቅጥ ነበር። በትዕዛዝ ሰዓት ከደረሰባት ግን የምትሰጠው የተጠበሰ አትክልት ብቻ ነው።

«ናም ፕላ» የሚባልም አለ። በጨው ከታሸ ዓሣ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። እኛ ጨው የምናደርግበት ቦታ ሁሉ እነሱ እሱን ያደርጋሉ፤ ሰላጣው ውስጥ ሳይቀር አለ። ስለዚህ «አትክልት ነው» ስለተባለ ብቻ ለጓደኛዎ አይሆንም። እሱ «ጄ» የምትለዋን ቃል ይያዝ። ታይላንድ ውስጥ ጄ የተባለ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት የለበትም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ቀን ቀን ገበያ ስትዞሩም ቢጫ ጨርቅ ላይ በቀይ የተጻፈውን የጄ ምልክት ፈልጉ። ወጣቸው ብዙውን ጊዜ በቅቤ ሳይሆን በኮኮናት ወተት ስለሚሠራ፣ ካፒና ናም ፕላ ካልገባበት ጾሙን ሳይፈታ ጠግቦ መውጣት ይችላል። መጨረሻ ላይ ማንጎ ከሚያጣብቅ ሩዝና ከኮኮናት ወተት ጋር ቢቀርብ አያሳልፈው።

ወደ እርስዎ ልምጣ። ባንኮክ ውስጥ ሐላል ቤቶች አሉ፤ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው የታይላንድ ማዕከላዊ እስላማዊ ምክር ቤት ነው። ውዶቹ ቤቶች ግን ብዙዎቹ ወረቀቱ የላቸውም። ከሌለው ሥጋና ዶሮውን ይተዉት። ዓሣ ይዘዙ፤ ሶሱ ውስጥ ወይንና የአሳማ ስብ አለመኖሩንም ያስጠይቁ። አሳማ የሚሠራበት ማዕድ ቤት መሆኑ ልብዎን ከከበደው ኡስታዝዎን ያማክሩ፤ ካልሆነም ጋባዥዎን «ሐላል ቤት ብንሄድ ደስ ይለኛል» ይበሉት። ይህም ነውር የለውም። ሐላል ቤት ከተገኘ «ማሳማን» የሚባለውን የሥጋ ወጥ ይሞክሩ። ሄል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ስላለበት ለወሎ ሰው አፍ እንግዳ አይደለም።

ኮከቡን የሆቴል ኮከብ አድርገው አይውሰዱት። ሚሽሊን የሚባለው የፈረንሳይ የመኪና ጎማ ኩባንያ በመመሪያ መጽሐፉ ለምግብ ቤቶች የሚሰጠው ነው፤ ከአንድ እስከ ሦስት ይደርሳል። የሚመዘነው ሳህኑ ላይ ያለው ነው። የባንኮክ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ መንገድ ዳር በከሰል የምታበስል ጄይ ፋይ የተባለች ሴት አንድ ኮከብ አግኝታለች። ስለዚህ ብርጭቆው ሲያብረቀርቅ አይጨነቁ።

አበላሉ ቀላል ነው። ማንኪያ በቀኝ፣ ሹካ በግራ። ሹካው ወደ ማንኪያው መግፊያ ነው፤ ወደ አፍ የሚሄደው ማንኪያው ነው። ቢላ አይፈልጉም፣ ምግቡ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው። ቾፕስቲክ የሚባሉት ሁለቱ የመብያ ዘንጎች ለኑድል ብቻ ናቸው። ሳህኖቹ መሐል ላይ ይቀመጡና ሁሉም ይካፈላል፤ ይህ ይመቸናል። ግን አንድ ሁለት ማንኪያ ብቻ ወደ ሩዝዎ ያውጡ፤ ሲያልቅ ይደግማሉ። የሚያጣብቀው ሩዝ በትንሽ ቅርጫት ከመጣ በቀኝ እጅዎ ጠቅለል አድርገው እያጠቀሱ ይብሉ። ሾርባው ውስጥ ያለው የጠጅ ሳር እንጨትና ቅጠል አይታኘክም፤ ዳር ያድርጉት። ቃሪያቸው ትንሽ ነው፣ ያቃጥላል፤ ሚጥሚጣ ለምጃለሁ ብለው አይዳፈሩት። ማቃጠሉን ካልፈለጉ «ማይ ፔት» ይበሉ።

ቁምጣና ነጠላ ጫማ ለብሰው አይሂዱ፤ ንጹሕ ሱሪና ሸሚዝ በቂ ነው።

ሒሳቡን የሚከፍለው የጋበዘው ሰው ነው። እንደ እኛ «በሞቴ» እያሉ መጎተት እዚያ ያሳፍረዋል። በሁለት እጅዎ አመስግነው ይተዉት፤ በሌላ ቀን እርስዎ ይጋብዙት። ያን ቀን ዋጋ ሲያዩ ከቁጥሩ ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ካለ ልብ ይበሉ። 10 በመቶ የአገልግሎት፣ በዚያ ላይ 7 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይጨመራል። 1,000 ባት የተባለው ምግብ 1,177 ባት ይሆናል ማለት ነው። አገልግሎቱ ስለተከፈለ ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው የምኖረው። የታይ ቶም ያም ሾርባ ቤቴ ልሠራ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ እህቴ። ዋናው የሽሪምፑ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ዩኔስኮ በቅርስነት የመዘገበውም እሱን ነው። እኛ ሽሪምፑን በሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ እንተካዋለን። የጠጅ ሳሩን ግንድ ቀጥቅጠሽ ከዝንጅብል፣ ከሎሚ ልጣጭና ከጨው ጋር ውሃ ውስጥ በደንብ አፍይው። እንጉዳይ፣ ቲማቲምና ቃሪያ ጨምሪ፤ ዓሣውን መጨረሻ ላይ ክተችው፤ ቶሎ ይበስላል። የሎሚውን ጭማቂ እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ብቻ ጨምሪ፤ አብሮ ከፈላ ይመራል። ድንብላል ከነቅጠሉ ካገኘሽ ከላይ በትኚበት።