ቀድሞ የመሣሪያው ስቲከር ይነበብ፦ ስለ ፒኦኢ ኢንጀክተር የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንዲት ትንሽ ሣጥን ናቸው። ፒኦኢ ኢንጀክተር ትባላለች። በአንድ የኔትወርክ ኬብል ኢንተርኔቱንም ኤሌክትሪኩንም አብራ የምታሻግር፣ መዳፍ የምታህል ዕቃ ናት። «የትኛውን ልግዛ?» የሚለው ጥያቄ በብዙ መልኩ መጥቷል። እኔ ግን መልሱን ሁሌም የምጀምረው ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከሚሰካው መሣሪያ ነው። ኢንጀክተር የሚመረጠው መሣሪያው በሚፈልገው ልክ ነውና።

ጥያቄ፦ ጣሪያ ላይ የሚገጠም የዋይፋይ አክሰስ ፖይንት ገዛሁ። ካርቶኑን ስከፍተው ቻርጀር የለውም። የፓወር ቀዳዳም የለውም። ያለው አንድ የኔትወርክ ፖርት ብቻ ነው። ኢንጀክተር ግዛ አሉኝ። የቱን?

መልስ፦ ምንም የጎደለ ነገር የለም፤ መሣሪያው ሲሠራም እንዲህ ተብሎ ነው። ኢንጀክተሩ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ሁለት የኔትወርክ ፖርቶች አሉት። በአንደኛው ከራውተርዎ የሚመጣው ኬብል ይገባል። በሁለተኛው፣ «ፒኦኢ» ወይም «ፓወር» ተብሎ በተጻፈበት፣ ወደ አክሰስ ፖይንቱ የሚሄደው ኬብል ይወጣል።

አሁን አክሰስ ፖይንቱን ገልብጠው ጀርባው ላይ ያለውን ስቲከር ያንብቡ። 802.3 የሚል ቁጥር፣ ከኋላውም ሁለት ፊደል ያገኛሉ። ቁልፉ እነዚያ ሁለት ፊደሎች ናቸው። ኤኤፍ (af) እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው መስፈርት ነው፤ ኢንጀክተሩ እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል። ኤቲ (at) እ.ኤ.አ. በ2009 የመጣ ሲሆን 30 ዋት ድረስ ይሄዳል፤ ብዙ ጊዜ «ፒኦኢ ፕላስ» ይሉታል። ቢቲ (bt) እ.ኤ.አ. የ2018 ነው፤ እንደ ዓይነቱ 60 ወይም 90 ዋት ይሰጣል።

እነዚህ ቁጥሮች ከኢንጀክተሩ የሚወጡት ናቸው። መሣሪያው ጋ የሚደርሰው ያንሳል፤ ኬብሉ በመንገድ ላይ የራሱን ይበላል። ለኤኤፍ እንደሚደርስ ዋስትና ያለው 12.95 ዋት፣ ለኤቲ ደግሞ 25.5 ዋት ነው። ስቲከሩ ላይ «ከፍተኛ ፍጆታ 14 ዋት» የሚል ካዩ፣ ከ15.4 በታች ነው ብለው ኤኤፍ እንዳይገዙ። ኤቲ ነው የሚያስፈልግዎት።

የቤት ካሜራዎችና የጠረጴዛ ስልኮች በአብዛኛው በኤኤፍ ይሠራሉ። ዋይፋይ 6 እና ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ አክሰስ ፖይንቶች ግን ኤቲ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ባነሰ ፓወርም ይነሳል፤ ግን አቅሙን ቆርጦ ነው የሚሠራው። ሰውም ችግሩን ሳያውቅ «ዋይፋዩ ደካማ ነው» እያለ ይከርማል።

ጥያቄ፦ የ60 ዋት ኢንጀክተር በቅናሽ አገኘሁ። ካሜራዬ ግን 6 ዋት ብቻ ነው የሚፈልገው። አያቃጥለውም?

መልስ፦ ኢንጀክተሩ መስፈርቱን የጠበቀ ከሆነ አያቃጥለውም። ዋት ማለት መስጠት የሚችለው መጠን ነው፤ መሣሪያው የሚወስደው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። የሚያቃጥለው ቮልቴጅ ነው። ወደሚቀጥለው ጥያቄ እንሂድ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ከድሮ የኢንተርኔት አንቴና የተረፈ ኢንጀክተር መሳቢያ ውስጥ አለኝ። 24 ቮልት ይላል። ለአዲሱ ካሜራ ብጠቀምበት ምን ችግር አለው?

መልስ፦ አይጠቀሙበት። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልንገርዎ፤ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ሁለት ዓይነት ኢንጀክተር አለ። መስፈርቱን የሚከተለው ኤሌክትሪክ ከመልቀቁ በፊት ይጠይቃል። መጀመሪያ ከ10 ቮልት ያልበለጠ ትንሽ ቮልቴጅ ይልካል፤ በወዲያኛው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም የሚሆን ሬዚስተር መኖሩን ይለካል። ያ ሬዚስተር «እኔ ፒኦኢ የምቀበል ነኝ» የሚል መታወቂያ ነው። ካገኘው ወደ 48 ቮልት አካባቢ ከፍ አድርጎ ይሰጣል። ካላገኘው ዝም ይላል።

ሁለተኛው ፓሲቭ የሚባለው ነው። አይጠይቅም። ሶኬት ላይ ከተሰካበት ደቂቃ ጀምሮ 12 ይሁን 24 ወይም 48 ቮልት ሽቦው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በወዲያኛው ጫፍ ማንም ይምጣ ማን ይለቅበታል።

በራሴ እጅ የደረሰ ነው። የእህቴን የበር ካሜራ እየገጠምኩ ነበር። ካሜራው ፒኦኢ የማይቀበል፣ በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠራ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጥቋቁር ሣጥኖች ነበሩ፤ አንዱ አዳፕተሩ፣ አንዱ የ48 ቮልት ፓሲቭ ኢንጀክተር። የኔትወርክ ኬብሉን ሳላየው ኢንጀክተሩ ላይ ሰካሁት። የፖርቱ አረንጓዴ መብራት አንዴ ብልጭ አለች። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ሳነሳው የካሜራው ሆድ ይፋጃል። ከዚያ ወዲህ አልተነሳም። ስቲከሩ ላይ ግን በደቃቅ ጽሕፈት ሁሉም ነገር ተጽፎ ነበር፤ ለማንበብ አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር።

እንዴት ይለያል? ኢንጀክተሩ ላይ 802.3 ብሎ ኤኤፍ፣ ኤቲ ወይም ቢቲ ካለ የመስፈርቱ ነው። «24 ቮልት 0.5 አምፔር» ብቻ፣ ወይም «4፣5 ፖዘቲቭ፤ 7፣8 ኔጋቲቭ» የሚል ብቻ ካለ ፓሲቭ ነው። «48 ቮልት» ብሎ 802.3 የሚል ከሌለውም እንደ ፓሲቭ ይቁጠሩት። የእርስዎ ካሜራ ኤኤፍ ከሆነ በዚያ 24 ቮልት አይነሳም። ጭራሽ ፒኦኢ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ ፖርቱ ሊቃጠል ይችላል። የድሮውን ኢንጀክተር ለአንቴናው ብቻ ያቆዩት፤ ላዩ ላይም በማርከር ትልቅ አድርገው «24 ቮልት ፓሲቭ» ብለው ይጻፉበት። እኔ አሁን ቤቴ ያለውን ሁሉ እንዲህ ነው የማደርገው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔን በስህተት የኢንጀክተሩ ፒኦኢ ፖርት ላይ ሰካሁት። ደነገጥኩ።

መልስ፦ የመስፈርቱ ኢንጀክተር ከነበረ አይጨነቁ። ጠይቆ መልስ ስላላገኘ ምንም አልለቀቀም። ፓሲቭ ከነበረ የላፕቶፑን ፖርት በሌላ ኬብል ራውተሩ ላይ ሰክተው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ ካሜራዬ ቀን ቀን በደንብ ይሠራል። ሲመሽ ግን በየደቂቃው እየጠፋ ይነሳል። ኬብሉ 80 ሜትር ገደማ ነው። ካሜራውን ልቀይረው?

መልስ፦ ገና አይቀይሩት። ሲመሽ ምን እንደሚለወጥ ያስቡ። ካሜራው በጨለማ ለማየት የኢንፍራሬድ መብራቶቹን ያበራል፤ ፍጆታው ከቀኑ በብዙ ይጨምራል። ቀን በጭንቅ ይበቃው የነበረው ፓወር ማታ ያጥረዋል። ይጠፋል፣ ይነሳል፣ መብራቱን ያበራል፣ መልሶ ይጠፋል።

ጥፋቱ የኬብሉ ይሁን የኢንጀክተሩ ለማወቅ ቀላል ሙከራ አለ። ካሜራውን አውርደው ወደ ቤት ያስገቡ። በሁለት ሜትር ኬብል ኢንጀክተሩ ላይ ይሰኩት። ከዚያ የፊቱን የብርሃን መለኪያ በእጅዎ ወይም በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑት፤ የመሸ መስሎት መብራቱን ያበራል። ግማሽ ሰዓት ሳይጠፋ ከቆየ ጥፋቱ የኬብሉ ነው። እንዲያም ሆኖ ከጠፋ ወይ ኢንጀክተሩ ደክሟል ወይ ካሜራው ከኤኤፍ በላይ ይፈልጋል። የሚሽከረከሩና ማሞቂያ ያላቸው ካሜራዎች ብዙ ጊዜ ኤቲ ናቸው።

እኔ ግን ሳላየው የምጠረጥረው ኬብሉን ነው። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ኬብሎች ውስጣቸው አሉሚኒየም ሆኖ በስሱ መዳብ የተቀቡ ናቸው። ሲሲኤ ይባላሉ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው። በአጭር ርቀት ላይታወቅ ይችላል፤ 80 ሜትር ላይ ግን ይታወቃል። አንዷን ሽቦ ልጠው በምላጭ ፋቅ ያድርጓት። ቀዩ ቀለም ተነስቶ ከሥሩ ነጭ ካበራ አሉሚኒየም ነው። ካርቶኑ ላይ ካት 6 የሚል የኬብል ደረጃ ቢጻፍም እንኳ ለፒኦኢ አይመከርም፤ ይሞቃል፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። ንጹሕ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ፣ ደረጃው ዝቅ ቢልም፣ ከአሉሚኒየሙ «ካት 6» ይሻላል።

ጥያቄ፦ ኢንጀክተር ካስገባሁ በኋላ ኢንተርኔቴ ከ300 ሜጋቢት ወደ 90 ገደማ ወረደ። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው። ኬብሉ ውስጥ አራት ጥንድ ሽቦ አለ። የ100 ሜጋቢት ኔትወርክ ለዳታ ሁለቱን ብቻ ነው የሚጠቀመው። ርካሽ ኢንጀክተሮች ፓወሩን በተረፉት ሁለት ጥንዶች ይልኩና ዳታ አያሳልፉባቸውም። ጊጋቢት ግን አራቱንም ይፈልጋል። ስለዚህ ላዩ ላይ «ጊጋቢት» ወይም «10/100/1000» የሚል ይግዙ። አክሰስ ፖይንትዎ 2.5 ጊጋቢት ከሆነ ኢንጀክተሩም 2.5 መሆን አለበት። ኢንጀክተሩ ጊጋቢት ሆኖም ፍጥነቱ 90 ላይ ከቆመ ጫፎቹን ይፈትሹ፤ አንዲት ሽቦ በደንብ ሳትያዝ ቀርታ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ትንሽ ኮምፒውተር በ5 ቮልት አሠራለሁ፤ ፒኦኢ አይቀበልም። ቆጥ ላይ ስለሆነ ሶኬት የለም። መላ አለው?

መልስ፦ አለው እህቴ። ስፕሊተር የሚባል ዕቃ አለ፤ ኢንጀክተሩ ያጣመረውን ወዲያ ማዶ መልሶ ይለያል። ኔትወርኩ በአንድ ጫፍ፣ 5 ቮልቱ በሌላ ይወጣል። የመስፈርቱን ኢንጀክተር ከመስፈርቱ ስፕሊተር ጋር ግዢ። 5 ወይም 12 ቮልት የሚሰጡ ስላሉ መውጫው የሚለውን አንብቢ። አምፔሩንም እይ፤ ኮምፒውተርሽ 3 አምፔር ከፈለገ የ2 አምፔር ስፕሊተር አይበቃውም።

ጥያቄ፦ አራት ካሜራና አንድ አክሰስ ፖይንት አለኝ። አምስት ኢንጀክተር ልደርድር ወይስ ፒኦኢ ስዊች ልግዛ?

መልስ፦ ስዊች ይግዙ፤ በአንድ ሣጥን ብዙ ፖርቶች ይዞ በየፖርቱ ዳታም ፓወርም የሚሰጥ ዕቃ ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት መሣሪያ ኢንጀክተር ደግ ነው። ከሦስት ካለፈ ሶኬቱም አይበቃም፣ ሽቦውም ይተበተባል። ስዊች ሲገዙ ግን የፖርቶቹን ብዛት ብቻ አይዩ፤ ጠቅላላ ዋቱን ይዩ። እያንዳንዱ ፖርት 30 ዋት ይሰጣል ተብሎ ጠቅላላው 60 ብቻ ሊሆን ይችላል። ካሜራዎቹ እያንዳንዳቸው 8 ዋት ከሆኑ 32፣ አክሰስ ፖይንቱ 20 ቢሆን 52 ይመጣል። 60 ይበቃል፤ አንድ ካሜራ ሲጨመር ግን አፋፍ ላይ ነዎት። ከፍ ያለውን ይውሰዱ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ስዊቹን ወይም ኢንጀክተሩን ከራውተሩ ጋር ዩፒኤስ በሚባለው የመጠባበቂያ ባትሪ ላይ ከሰኩ፣ መብራት ሲጠፋ ካሜራዎቹም ዋይፋዩም አብረው ይቆያሉ። በየካሜራው ባትሪ ማሰብ ቀረ።

ጥያቄ፦ ኢንጀክተሩን ራውተሩ ጋ ላድርገው ወይስ ካሜራው አጠገብ? ርቀቱ 130 ሜትር ነው።

መልስ፦ ራውተሩ ጋ፣ ቤት ውስጥ ያድርጉት። አብዛኞቹ ኢንጀክተሮች ውሃና ፀሐይ አይችሉም፤ ካሜራው አጠገብ ሶኬት ቢኖርማ ኖሮ ኢንጀክተርም ባላስፈለገ። በልብስ ወይም በወረቀት አይሸፍኑት፤ ሲሠራ ስለሚሞቅ አየር ይፈልጋል።

130 ሜትር ግን አይሄድም። የኔትወርክ ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ 100 ሜትር ነው፤ ኢንጀክተር መሃል ላይ ቢገባም ርቀቱን አያራዝምም። ከራውተሩ እስከ ኢንጀክተሩ ያለውም ከመቶው ይቆጠራል። መሃል ላይ ርቀቱን የሚያራዝም ፒኦኢ ኤክስቴንደር ማስገባት ይቻላል፤ ፓወሩን ከዚያው ኬብል ስለሚወስድ ሶኬት አይፈልግም። እሱም የሚበላው ዋት ስላለ ኢንጀክተሩን ኤቲ ያድርጉት። ኬብሉ በደጅ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የመብረቅ መከላከያ ይግጠሙና ከመሬት ሽቦ ጋር ያገናኙት፤ ያለ መሬት ሽቦ መከላከያው አይሠራም።