መጽሐፉና ዓይናችሁ ሲጣሉ

በቅርቡ ደሴ ላይ ተማሪዎች ሰብሰብ ብለው ስለ ሥራዬ እንዳወራቸው ጋብዘውኝ ነበር። ሥራዬ ሴል ሲከፈል ክሮሞሶሞቹ፣ ማለትም በዘር የሚወረሰውን መረጃ የተሸከሙት የሴሉ አካላት፣ እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ካንሰር ውስጥ ደግሞ ክፍፍሉ እንዴት እንደሚበላሽ ማጥናት ነው። ንግግሬን ስጨርስ ጥያቄ ተባለ። እንደተለመደው "ስኮላርሺፕ እንዴት ይገኛል?" ቀደመ። እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፣ እዚህ አልገባበትም። ከኮምቦልቻ የመጣ አንድ ልጅ ግን ከኋላ ተነሥቶ "ዶክተር፣ በማይክሮስኮፕ ያየነው ከመጽሐፉ ጋር ካልገጠመ የቱን እንጻፍ?" አለኝ።

"ያያችሁትን ነዋ!" አልኩት። ተጨበጨበ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያየችውን ስላ ምን እንደገጠማት የማውቃት ልጅ ነበረች።

ዘመኑ ደርግ ነው። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ እማራለሁ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ማይክሮስኮፕ አንድ ነው። አምፖል የለውም፤ ከሥሩ ያለችው መስታወት የፀሐይ ብርሃን ተቀብላ ወደ ላይ ትልካለች። የደሴን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን ሲውጠው በማይክሮስኮፑ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው። ስለዚህ የላብ ክፍለ ጊዜ ማለት ግማሹ ጉሙ እስኪነሣ መጠበቅ ነበር። ብርዱስ ቢሆን! ሹራብ ያለው ልጅ የሀብታም ልጅ ይባል ነበር። እኛ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከተን ነው የተማርነው።

የዚያን ቀን የምናየው የሽንኩርት ሥር ሴሎች እንዴት እንደሚከፈሉ ነበር። ሽንኩርቱን ያመጣችው አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ናት። እናቷ ሰኞ ገበያ ሽንኩርትና ድንች ይሸጡ ነበር። ቤቷ ውሃ ላይ አስቀምጣ ሥር ያስወጣችውም እሷው ናት። መምህሩ የሥሩን ጫፍ ቆረጠ፣ በአሲድ አለሰለሰው፣ ቀይ ማቅለሚያ ጨመረበት፣ በስስ መስታወት ከድኖ በአውራ ጣቱ ደፈጠጠው። ከዚያ ሰልፍ ያዝን። አንድ ዓይን ጨፍኖ አየት ማድረግና ለቀጣዩ መልቀቅ ነው።

እኔ ያየሁት ቀይ ነጠብጣብ ነው። እሷ ግን ተደፍታ ቀረች። ከኋላዋ "ልቀቂ እንጂ!" ይሏታል፣ አትሰማም። በስንት ጉትጎታ ተነሣች። ሰልፉ ሲያልቅ ደግሞ ተመልሳ ሄደች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ሳለች። አንዱ የክሮሞሶም ጭፍራ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች እየሄደ ነው። መሐል ላይ ግን አንድ ክሮሞሶም ብቻውን ቀርቷል። የእኔ ሥዕል መጽሐፉ ላይ ያለው ነው። ማንም ልጅ ሌላ ነገር አልሳለም፤ የላብ ሪፖርት እንደዚያ ነበር የሚሠራው።

ደብተር ሲመለስ የእኛ ላይ ራይት ነበር። የእሷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ፣ ከሥሩም "ከመጽሐፉ ጋር አስተያዪ" ይላል። ዝም አላለችም። ሄዳ "መምህር፣ አለ እኮ፣ ይዩት" አለችው። ስላይዱ ታጥቦ ነበር። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። እንደዚያ ለታጨቀ ክፍል፣ በአንድ ማይክሮስኮፕና በሁለት መጽሐፍ፣ ሥርዓተ ትምህርቱን መጨረስ ነበረበት። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ፎቶሲንተሲስ ተማርን።

ማትሪክ ለእኔ ነጥብ መጣልኝ። ለእሷ አልመጣላትም። ባቲ አግብታ ሄደች ሲባል ሰማሁ።

ብዙ ቆይቶ፣ ውጭ አገር፣ የካንሰር ሴሎች ሲከፈሉ በቪዲዮ ስከታተል ያ መሐል የቀረ ክሮሞሶም ብቅ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሴል ከመከፈሉ በፊት እያንዳንዱ ክሮሞሶም ሁለት ቅጂ ይኖረዋል። ከሁለቱ ጫፍ የሚመጡ ቀጫጭን ክሮች አንዱን ቅጂ ወደዚህ፣ ሌላውን ወደዚያ ይስባሉ። አንዳንዴ ግን አንዱኑ ቅጂ ከሁለቱም ጫፍ የመጡ ክሮች ይይዙታል። ያኔ ሁለት ሰው በገመድ ግራና ቀኝ እንደሚጎትተው ጥጃ መሐል ላይ ይቀራል። ሴሉ ሳይከፈል በፊት ሁሉም ክሮሞሶም በክር መያዙን የሚያጣራበት ዘዴ አለው። ችግሩ፣ ይሄኛውም ተይዟል፤ የተያዘው በተሳሳተ መንገድ ነው እንጂ። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። የቀረው ክሮሞሶም ወዳልሆነ ወገን ሊሄድ ይችላል። ወይም ለብቻው ትንሽ ኒውክለስ (የክሮሞሶም ከረጢት) ሠርቶ እዚያ ውስጥ ሊሰባበር ይችላል።

ጤነኛ ሴል እንዲህ ሲገጥመው አብዛኛውን ጊዜ መከፈል ያቆማል ወይም ይሞታል። ብዙ የካንሰር ሴሎች ግን ፒ53 የሚባለው ጠባቂ ጂን ስለተበላሸባቸው ይቀጥላሉ። ክሮሞሶም መጣልና መጨመር እንዲህ የዘወትር ሲሆን የክሮሞሶም አለመረጋጋት እንለዋለን። በአንድ የካንሰር እጢ ውስጥ ያሉ ሴሎች እርስ በርስ የሚለያዩት፣ መድኃኒት ብዙዎቹን ገድሎ ጥቂቶቹ የሚያመልጡት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው።

ሽንኩርቱ ካንሰር ነበረው ማለቴ አይደለም። ጤነኛ ሥር ውስጥም አልፎ አልፎ ይታያል። ልጅቷ ግን አይታዋለች። ባቲ ሄጄ አፈላልጌ "ልክ ነበርሽ" ልላት ስንቴ አስቤአለሁ። ደሴ እመጣለሁ፣ ባቲ ደግሞ ሩቅ አይደለም። ሁልጊዜ አንድ ስብሰባ ይመጣል፣ ወይ መንገዱ ጥሩ አይደለም ይባላል። አልሄድኩም።

መጽሐፍ ሲሳሳት እንዲህ ቀላል አይደለም። ቴዎፊለስ ፔይንተር የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1923 የሰው ክሮሞሶም 48 ነው አለ። ከዚያ ከ30 ዓመት በላይ የዓለም ሊቃውንት በገዛ ማይክሮስኮፓቸው እያዩ 48 ቆጠሩ። በ1956 ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን ስዊድን ውስጥ ሠርተው 46 መሆኑን አሳዩ። በሌላ በኩል ጀርመናዊው ዴቪድ ፎን ሃንሰማን በ1890 የካንሰር ሴሎች ተዛብተው ሲከፈሉ አይቶ ጽፏል። ቴዎዶር ቦቨሪ ደግሞ የባሕር ጃርት እንቁላል ሁለት የወንድ ዘር ሲገባበት ክሮሞሶሞቹ እንዴት እንደሚዛቡ አጥንቶ፣ በ1914 ካንሰር ከክሮሞሶም መዛባት ሊነሣ እንደሚችል ጻፈ። በዓመቱ ሞተ። እነዚህ ሰዎች ያዩትን በእጃቸው ይስሉ ነበር።

እናንተስ? ስልካችሁን ማይክሮስኮፑ ላይ ትደግናላችሁ፣ ቀጭ፣ ቴሌግራም ላይ ትለቃላችሁ፣ አለቀ። እጅ ሲስል ዓይን ለማየት ይገደዳል። እርግጥ እኔ ራሴ እንጀራዬ ከቪዲዮ ነው፤ ያለ ካሜራ ያ ክሮሞሶም ከየት እንደመጣ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ሳሉ።

ለኮምቦልቻው ልጅ ደግሞ መልሴን ላስተካክል። ፈተና ላይ የመጽሐፉን ጻፍ። ነጥብ ያስፈልግሃል፤ እኔንም እዚህ ያደረሰኝ እሱ ነው። ያየኸውን ሌላ ደብተር ላይ ቀን ጽፈህ ሳለው። ይሄ ምክር እኔንም አያረካኝም። እሷ እንዲህ ብታደርግ ኖሮ ሥዕሏን ማንም አያየውም ነበር። ደግሞ ያየችውን በመሳሏ ምን አገኘች? እኔ እንጃ።

ይልቅ የሚሠራ ነገር ልስጣችሁ። ያው ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1938 የሽንኩርት ሥርን የኬሚካል ጉዳት መፈተሻ አድርጎታል። ዛሬም የተበከለ ውሃ ይመረመርበታል። የሽንኩርት ክሮሞሶም 16 ብቻ ስለሆነና ትልልቅ ስለሆኑ ለማየት ይመቻል። ከቦርከና ወንዝ ከላይ ደሴ በኩል አንድ ብርጭቆ፣ ከታች ኮምቦልቻ በኩል አንድ ብርጭቆ፣ ከቧንቧ ደግሞ አንድ ቅዱ። በየብርጭቆው ሽንኩርት አስቀምጡ። ሁሉንም እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ አድርጉት፤ የኮምቦልቻ ሙቀት ሥሩን ቶሎ ስለሚያሳድገው ከደሴው ጋር ልታወዳድሩት አትችሉም። አሲዱን መምህራችሁ ይያዘው። ከዚያ እየተከፈሉ ካሉት ሴሎች ስንቶቹ ላይ መሐል የቀረ ክሮሞሶም እንዳለ ቁጠሩ። የሚቆጥረው ልጅ ሌላ ይሁን፤ የትኛው ስላይድ ከየትኛው ውሃ እንደሆነም ቆጥሮ እስኪጨርስ አትንገሩት።