መልስ፦ አንብቤም ፈተና ላይ ይጠፋብኛል

ወንድሜ፣ «ሁልጊዜ አንደኛ እወጣ ነበር፤ አሁን አናቶሚን (የሰውነት አወቃቀር ትምህርትን) ሌሊቱን ሙሉ አንብቤም ፈተና ላይ ይጠፋብኛል፣ ሕክምና ለኔ አይሆንም ማለት ነው?» ብለሃል። በፍጹም! የትምህርቱ ብዛት ስለተቀየረ የድሮው አጠናንህ አልበቃ ብሎ ነው። ደጋግሞ ማንበብ ያወቅን ያስመስለናል። ለምሳሌ ብራኪያል ፕሌክሰስን፣ ማለትም ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርደውን የነርቮች መረብ፣ ውሰድ፦ 5ቱን የነርቭ ሥሮች፣ 3ቱን ግንዶች፣ ከዚያ እስከ ክንድ ነርቮች ድረስ መጽሐፉን ዘግተህ ባዶ ወረቀት ላይ ሣለው። የጎደለውን በቀይ እስክሪብቶ ሙላ፤ ነገ ድገመው፣ በሳምንቱም እንዲሁ። መጀመሪያ ላይ ግማሹ ቀይ ይሆናል፣ አትደንግጥ። እንቅልፍህን ግን አትንካ፤ ያጠናኸው የሚረጋው ስትተኛ ነው። የፎርማሊኑ (የአስከሬን ማቆያው ኬሚካል) ሽታና የአስከሬኑ ድንጋጤ ለብዙዎች በጊዜ ይለመዳል። ምግብና እንቅልፍ እምቢ ብሎህ ሳምንታት ከዘለቀ ግን፣ እባክህ ፈተናው ይለፍ ሳትል ለተማሪዎች አማካሪ ንገር።