ከሞተርም ከማድ ቤትም የሚመጣ ስብራት

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ውስጥ የተሰበረ አጥንት ሳክም ፀጉሬ ሸበተ። ከደረት ተነስቶ እስከ ትከሻ ጫፍ የሚዘረጋው ቀጭን አጥንት፣ እኛ በሥራ ቋንቋ ክላቪክል የምንለው፣ የተሰበረበትን ሰው ገና በር ላይ አውቀዋለሁ። የተጎዳውን ክንድ በደህናው እጁ ደግፎ፣ አንገቱን ወደዚያው ወገን ዘንበል አድርጎ ይገባል።

ከሁሉ የምትበዙት እናንተ ናችሁ፣ 30 ያልሞላችሁ ወንዶች። ሞተር፣ ብስክሌት፣ ኳስ። ባጃጁ ሰው ሊጭን ድንገት ጥግ ይይዝና ከኋላው የመጣችሁት ትበራላችሁ። «እጄን ዘርግቼ ነው የወደቅሁት» ትሉኛላችሁ፤ አቧራውና ጭረቱ ግን ጃኬታችሁ ትከሻ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህን አጥንት የሚሰብረው ትከሻ በቀጥታ መሬት ሲመታ ነው። ከ10 ስብራት 8ቱ ገደማ መሀሉ ላይ ነው፤ እዚያ አጥንቱ ይቀጥናል፣ ጅማትም አይደግፈውም። ሄልሜት ጭንቅላታችሁን እንጂ ትከሻችሁን አያድንም። ፍጥነት ቀንሱ፤ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

ጄሶ ካልተደረገልን ብላችሁ ደግሞ አትቆጡ። ብዙውን ጊዜ ክንድን በማንጠልጠያ ማሳረፍ ይበቃል፤ የአዋቂ አጥንት እስኪገጥም ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። መታሸቱ ይቅር። አጥንቱ ቆዳውን ሊበሳ ከገፋው፣ ጣት ከደነዘዘ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ነገ አትበሉ።

የሕፃናቱ ቀላል ነው። በምጥ ጊዜ ትከሻው ተይዞ የተሰበረበት አራስ በጥቂት ሳምንት ይድናል፤ ቦታው ላይ የምትወጣው እብጠት አጥንቱ የመግጠሙ ምልክት ናት፣ እናቶች ግን እሷን ሲያዩ ነው የሚደነግጡት። ከአልጋ ወይም ከማንጎ ዛፍ የወደቀ ልጅም አጥንቱ እንደ እርጥብ እንጨት ጎበጥ ብሎ ሊቀር ይችላል።

የሚቆጨኝ የአንዲት እማማ ነገር ነው። ክንዳቸውን በነጠላቸው አንጠልጥለው መጡ። ራጁን አየሁ፣ ማንጠልጠያና ማስታገሻ ሰጥቼ ሸኘኋቸው። እንዴት እንደወደቁ አልጠየቅሁም። በወራት ውስጥ ዳሌያቸው ተሰብሮ በቃሬዛ ሲመለሱ ነው ልጃቸው የነገረችኝ፤ የመጀመሪያውን ጊዜም ማድ ቤት፣ እርጥብ ወለል ላይ፣ ከቆሙበት ነው የወደቁት። ወጣት እንዲህ ወድቆ አቧራውን አራግፎ ይነሣል። የወር አበባ ከቆመ በኋላ የሴት አጥንት ቶሎ ይሳሳል፤ ለዚህ ነው በስተርጅና ይህ ስብራት ሴቶች ላይ የሚበረክተው።

አያታችሁ እንዲህ ወድቀው ከተሰበሩ ሐኪሙን ስለ ትከሻቸው ብቻ አትጠይቁት፤ ስለ አጥንታቸው መሳሳትም፣ ስለ ዓይናቸውም፣ ስለሚያዞራቸው ኪኒንም ጠይቁት። ቤት ስትመለሱም የማድ ቤቱን ወለል እዩልኝ።